«ደን» የማን ነው? የአንድ ቃል ትርጉምና አጠቃቀም ከአዋሽ እስከ ሰመራ

ደን በአማርኛ ዛፎች ተጠጋግተው የበቀሉበትና ጥላቸው መሬቱን የሸፈነበት ሰፊ ቦታ ነው። በዙሪያው ጫካ፣ ዱር፣ ጥሻ፣ ቁጥቋጦና በረሃ የሚባሉ የቅርብ ዘመዶች አሉት። ጫካ ጥቅጥቅ ማለቱንና መደበቂያ መሆኑን ያጎላል። ዱር ከሰው ሰፈር ውጭ ያለውን ሁሉ ያቅፋል፤ ዛፍ ባይኖርበትም ዱር ዱር ነው። ጥሻና ቁጥቋጦ ቁመቱ ዝቅ ያለውንና እርስ በርሱ የተጠላለፈውን ዕፅዋት ይሰይማሉ። ከእነዚህ ሁሉ ጠባቂና ባለቤት የሚጠራበት ቃል ደን ነው። ደን ይከለላል፣ ይጠበቃል፣ ይለማል፣ ይመነጠራል። «የደን ሕግ» ሲባል አዋጅ ይታሰባል፤ «የጫካ ሕግ» ሲባል ግን ሕግ አልባነት ነው።

ቃሉ የደጋ ልጅ ነው። የመናገሻ ሱባ ደን፣ የገዳማትና የአድባራት ዙሪያ ጥዶችና ወይራዎች ለትርጉሙ መሠረት ሆነዋል። በአዋሽ ሸለቆ አቅራቢያም ይህንኑ የሚመስል ምሳሌ አለ፤ በምዕራብ ሐረርጌ ከሜዳው ተነጥሎ የሚታየው የአሰቦት ተራራና የገዳሙ ደን። ከተራራው ግርጌ ያለው ቆላ ግን በደገኛው አፍ በረሃ ነው። ነጋዴ «በረሃ ወረደ» ይባላል፤ የሸፈተም «በረሃ ገባ» ይባላል። በረሃ የሚለው ስም ሙቀቱንና ርቀቱን ይናገራል እንጂ ዛፍ መኖር አለመኖሩን አይናገርም። በዚህ የተነሣ የአዋሽ ወንዝ ዳር ግራርና የፍልውሃ ዘንባባ ለብዙ ዘመን በአገሪቱ የደን ወሬ ውስጥ ስማቸው ሳይነሣ ኖሯል።

ይህ የአጠራር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰዋስው ሊቃውንት በተተወ ነበር። ዛሬ ግን አንድ መሬት ደን መባሉ ወይም አለመባሉ ማን እንደሚገባበት፣ ማን ከብቱን እንደሚያሰማራበት፣ ማን እንደሚቆርጥበትና በአገር ሪፖርት ውስጥ በየትኛው ዓምድ እንደሚመዘገብ ይወስናል። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ባለው አገር ይህ ውሳኔ የአርብቶ አደሩን ኑሮ በቀጥታ ይነካል።

ቃሉ በአዋጅ

በ1965 እ.ኤ.አ. የወጡት የደን አዋጆች ደንን የመንግሥት፣ የግልና ለጥበቃ የሚከለል በሚል ለይተው ደነገጉ። በዚያ ዘመን መሬት የግል ሊሆን ይችል ስለነበር ደኑም የመሬቱን ባለቤት ተከትሎ ይከፋፈል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ሰፋፊው ደን በመንግሥት እጅ ገባ። ያው አዋጅ ዘላን ሕዝቦች በልማድ ሲጠቀሙበት በኖሩት የግጦሽ መሬት ላይ የይዞታ መብት እንዳላቸውም ደንግጓል።

ከሽግግሩ ዘመን ጀምሮ ሦስት የደን አዋጆች ተከታትለው ወጥተዋል፤ አዋጅ ቁጥር 94/1986፣ 542/1999 እና 1065/2010። በመካከለኛው አዋጅ የደን ባለቤትነት ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፤ የግልና የመንግሥት። በመንግሥት ደን ውስጥ ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥ፣ መስፈር፣ ማደን፣ ቀፎ መስቀልና ከብት ማሰማራት ተከለከለ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ዝርዝሩን ወደ አራት አሳደገው፤ የግል፣ የማኅበር፣ የማኅበረሰብና የመንግሥት ደን። ለአፋር ትልቁ ለውጥ «የማኅበረሰብ ደን» የሚለው ስም በሕግ መታወቁ ነው፤ በአፋር ዛፍና ሣር ከጥንት ጀምሮ የሚተዳደረው በጎሳ እንጂ በግለሰብ አይደለምና።

በሌላ በኩል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመነቀል መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል። እንግዲህ አንድ የግራር መስክ ግጦሽ ከተባለ ይህ አንቀጽ ይጠብቀዋል፤ የመንግሥት ደን ከተባለ ግን መንጋው ፈቃድ ጠያቂ ይሆናል። መሬቱም ዛፉም ያው ነው፤ መብቱ የሚለያየው በስሙ ነው።

ቃሉ በልኬት

ከሕጉ ጎን ለጎን ልኬትም አለ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ደንን የሚለካው በሦስት ቁጥር ነው፤ ስፋቱ ከግማሽ ሄክታር በላይ፣ የዛፉ ቁመት ከ5 ሜትር በላይ፣ የቅርንጫፉ ጥላ ደግሞ ከመሬቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍን። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. የራሷን ልክ ስታወጣ ስፋቱን ባለበት ትታ ቁመቱን ወደ 2 ሜትር ዝቅ፣ የጥላውን ሽፋን ወደ 20 በመቶ ከፍ አደረገች። ቀርከሃም ከዛፍ ጋር ተቆጠረ።

ሁለቱም ለውጦች ምክንያት ነበራቸው። ቁመቱ ዝቅ ያለው የቆላው ዛፍ በተፈጥሮው አጭር ስለሆነ ነው፤ 2 እና 3 ሜትር ላይ የሚቆመው የደረቅ አገር ዕፅዋት በ5 ሜትር ልክ ሲመዘን ከደን ውጭ ይቀር ነበር። ሽፋኑ ከፍ ያለው ደግሞ እጅግ የተራቆተ መሬት በደን ስም እንዳይመዘገብ ነው። በዚህ ልክ የአገሪቱ የደን ሽፋን 15.5 በመቶ ገደማ ሆነ። አፋር በአብዛኛው የሚመደብበት የግራርና የከርቤ ዓይነት ዕፅዋት ክልልም ቁመቱ በቃው፤ ለበረሃው ዛፍ ይህ ትልቅ እውቅና ነው።

የቀረው ችግር ጥላው ነው። በአፋር ሜዳ ላይ ግራር ተራርቆ ይበቅላል። ዝናቡ ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ ዛፍ ሰፊ መሬት ላይ ሥሩን ዘርግቶ ውኃ ይለቅማል፤ በዛፎቹ መካከል ያለው ሣር ለከብትና ለበግ፣ ቅጠሉና ፍሬው ለግመልና ለፍየል ይሆናል። ሣሩ ሲደርቅ ከግራሩ የሚረግፈው ፍሬ መንጋውን እስከ ዝናቡ ያደርሳል። ጋርሳ የሚባለው ዛፍ ደግሞ በክፉ ቀን ሰውንም ይመግባል። እንዲህ ያለው መስክ የጥላ ሽፋኑ 20 በመቶ አይሞላም፤ ስለዚህ በመዝገቡ ደን አይደለም። በአፋር ልማድ ግን ዛፉ ጠባቂ አለው። በድርቅ ቅርንጫፉን ለእንስሳት መኖ ማውረድ የተፈቀደ ሲሆን፣ ሕያውን ዛፍ ከሥሩ መቁረጥ በሽማግሌ ፊት የሚያስጠይቅ ነውር ነው። በመዝገብ ደን ያልተባለው መስክ በልማድ ሕግ እንደ ደን ይጠበቃል ማለት ነው።

የወንዙ ዳር ደን ወዴት ሄደ?

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ከፍታ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በአቤ ሐይቅ ያበቃል እንጂ ባሕር አይደርስም። በመካከለኛውና በታችኛው ሸለቆ ወንዙ በየክረምቱ ከአፉ እየወጣ በሚያጥለቀልቀው ለም መሬት ላይ ግራርና ሌሎች የወንዝ ዳር ዛፎች ይበቅሉ ነበር። በጋ ሲጠና ሜዳው ይደርቃል፤ ያን ጊዜ መንጋው ሁሉ ወደዚህ አረንጓዴ መቀነት ይወርዳል። ስፋቱ ከሜዳው አንጻር ትንሽ ቢሆንም የዓመቱ መጨረሻ ተስፋ እዚህ ነበር።

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የወንዙ ጎርፍ በሰው እጅ ገባ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በታችኛው አዋሽ በዱብቲ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የተሳተፈበት የተንዳሆ ጥጥ እርሻ ተስፋፋ፤ በላይኛው በኩል በመተሐራ ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ሸንኮራ አገዳ ተከለ፤ በመካከል በአሚባራ፣ በመልካ ሰዲና በመልካ ወረር ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች ተከፈቱ። እርሻ የተመረጠለት መሬት ለም፣ ሜዳና ውኃ የቀረበው መሬት ነበር፤ ይኸው የወንዙ ዳር ደን።

በጊዜው ቋንቋ ይህ መሬት «ጠፍ» ወይም «ያልለማ» ይባል ነበር። ደን ቢባል ጠባቂ፣ ግጦሽ ቢባል ባለመብት በተጠራ ነበር። ሁለቱም ስም ስላልተሰጠው ምንጣሮው ልማት ብቻ ሆኖ ታየ። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ አፋር መንጋውን የሚያወርድበት ወንዝ ዳር አልነበረውም። የረሃቡ መነሻ የዝናብ እጦት ቢሆንም፣ የበጋው መሸሻ መዘጋቱ ጉዳቱን እንዳከፋው ዘመኑን ያጠኑ ጽፈዋል።

ፓርክ፦ ለአውሬ የተከለለ መሬት

የሕዝብ መሬትን ለመከለል በሸለቆው ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ቃል ደን ሳይሆን ፓርክ ነው። ከአዋሽ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ የአዲስ አበባው አውራ ጎዳና የሚያቋርጠው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ1961 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በውስጡ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ፣ የአዋሽ ፏፏቴ፣ የኢላላ ሳላ ሜዳ፣ በሰሜን ጫፉም በዘንባባ የተከበበ ፍልውሃ ይገኛል።

የፓርኩ አብዛኛው መሬት ሣርና ቁጥቋጦ፣ አልፎ አልፎም ግራር ነው። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ የሚገኘው በወንዙ ዳርና በፍልውሃው ዙሪያ ነው። መሬቱ የተከለለው ለሳላ፣ ለአጋዘንና ለሌሎች የዱር እንስሳት ተብሎ እንጂ ለዛፉ አይደለም። ከፓርኩ ወደ ምሥራቅ በሜዳ አህያ የሚታወቀው የአሌደጊ ሜዳ አለ፤ ይህም በዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራነት ቆይቶ ከአሰቦት ተራራ ጋር በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ስም ተጠቃሏል። ወደ ሰመራ በሚወስደው መንገድ ደግሞ ለዱር አህያ የታሰበው የያንጉዲ ራሳ ፓርክ ይገኛል። ዛፍ የሌለበት ሜዳ ፓርክ ተብሎ ይጠበቃል፤ ዛፍ ያለበት ወንዝ ዳር ምንም ሳይባል ተመንጥሯል።

በፓርኩ መሬት ላይ ከረዩ፣ ኢቱና አፋር ከብታቸውን ያሰማሩ ነበር። መሬቱ ሲከለል በአንድ ወገን ፓርኩ፣ በሌላ ወገን የመተሐራ እርሻ ተጋፍተዋቸው ግጦሹ ጠበበ። ድርቅ በመጣ ቁጥር መንጋው ወደ ፓርኩ ይገባል፤ ጠባቂው ሕግን፣ እረኛው ሕይወቱን ይዞ ይገናኛሉ። በፍልውሃ ዘንባባም ላይ ይኸው ጥያቄ ይነሣል። ዘንባባው በአፋርኛ ኡንጋ ይባላል። ከቅጠሉ የአፋር ቤት የሚለብሰው ሰሌን ይሠራል፣ ከግንዱም የሚጠጣ ጭማቂ ይቀዳል። የሰሌኑ ቅጠል በልክ ከተወሰደ ዘንባባው ይኖራል፤ ጭማቂ ለመቅዳት ጫፉ ሲቆረጥ ግን ይሞታል። ለዘንባባው የሚያስፈልገው ሕግ ይህንን ልዩነት የሚያውቅ ሕግ ነው። የፓርኩ ጠባቂና ሰሌን የምትሠራው አፋር ሴት በአንድነት ሊያወጡት ይችላሉ።

ደን ያልሆነ ደን

በልኬትና በትርጉም መካከል ያለው ክፍተት ጎልቶ የሚታየው በአንድ ዛፍ ነው። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እሾሃማ ዛፍ ነው። በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለነፋስ መከላከያ፣ ለጥላና ጨው የበዛበትን አፈር ለማልበስ ተብሎ ተተከለ። አፋሮች «ደርጊ ሐራ»፣ የደርግ ዛፍ አሉት። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ «ወያኔ» ብሎ ጠራው። ሁለቱም ስሞች ዛፉን ከመንግሥት ጋር ያያይዙታል፤ ሕዝቡ የራሱ ብሎ አልተቀበለውም።

ዛፉ የሚዛመትበትን መንገድ ለመረዳት አንዲት ፍሬውን መመልከት ይበቃል። ሲበስል ቢጫ የሚሆነው እንክብል ጣፋጭ ስለሆነ ፍየል፣ ከብትና ግመል ይሻሙበታል። በውስጡ ያለው ዘር ግን ልባሱ ጠንካራ ነው፤ ሆድ ውስጥ አይፈጭም፣ ይልቁንም ለስልሶ ለመብቀል ይዘጋጃል። መንጋው ከሄደበት ደርሶ ፍግ ሲጥል ዘሩ ከነማዳበሪያው ተተከለ ማለት ነው። ቀሪውን ጎርፍ ያደርሰዋል። ዛፉ ከመሬት በላይ ሲቆረጥ ከጉቶው ብዙ ሆኖ ያቆጠቁጣል፤ እንዲጠፋ ከአፈሩ በታች ከነአንገቱ መነቀል አለበት። እሾሁ የእንስሳትን ኮቴ ይወጋል፣ ጥሻው የከብትን መንገድ ይዘጋል፣ ሥሩ ጥልቅ ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሣር አያስበቅልም። እንክብሉን ብቻ አብዝቶ የበላ ከብት ጥርሱና መንጋጋው እንደሚጎዳ አርቢዎቹ ያውቃሉ።

በአሚባራና በገዋኔ አካባቢ ዛፉ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአፋር ክልል በፕሮሶፒስ የተያዘው መሬት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መድረሱን አመልክቷል። እንዲህ ያለው ጥሻ ስፋቱ ከግማሽ ሄክታር ይበልጣል፣ ቁመቱ 2 ሜትር ያልፋል፣ ጥላውም ከ20 በመቶ በላይ ይሸፍናል። በሦስቱም ቁጥር ደን ነው። ከሰማይ ለሚመለከተው ሳተላይትም አረንጓዴ ነው። በመሬት ላይ ግን ግጦሽ የበላ፣ መንገድ የዘጋ፣ የአገሩን ግራር ያፈናቀለ ነው።

መንግሥትም ይህንን ተገንዝቧል። በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊው የፕሮሶፒስ ስትራቴጂ የወጣው ከደን ዘርፍ ሳይሆን በእንስሳትና ዓሣ ሀብት ሚኒስቴር በኩል ነው። ጉዳዩ የግጦሽ መጥፋት መሆኑን የሚመሰክር አሠራር ነው። ዛፉን በጥቅም ለማሸነፍም ተሞክሯል። ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ከፕሮሶፒስ ከሰል እንዲያከስሉ፣ እንክብሉም ተፈጭቶ መኖ እንዲሆን ተደርጓል፤ መፈጨቱ ዘሩን ስለሚሰብረው ዛፉ እንዳይዛመትም ይረዳል። ከሰሉ ግን ሌላ ፈተና አመጣ። ከፕሮሶፒስ የወጣና ከግራር የወጣ ከሰል በአንድ ማዳበሪያ ጆንያ ከተሞላ በኋላ በመንገድ ኬላ ላይ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ወራሪውን ለማጥፋት የተሰጠው ፈቃድ የአገሩን ዛፍ ለመቁረጫ ሽፋን ሆነ። ጥበቃው መጀመር ያለበት ጆንያው ከተሰፋ በኋላ ኬላ ላይ ሳይሆን ዛፉ በሚቆረጥበት ቦታ ነው።

ሰመራ፦ ደን በተከላ

አፋር ዋና ከተማውን ከአሳይታ ወደ ሰመራ ሲያዛውር ከወንዝ ዳር ወደ አውራ ጎዳና ዳር መጣ። አሳይታ አዋሽ በሚያጠጣው ለም መሬት ላይ ነች፤ ሰመራ ግን በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ነች። ዓመታዊው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በሞቃቱ ወቅት ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። በከተማው የሚታየው ዛፍ ሁሉ በሰው እጅ ተተክሎ፣ በሰው እጅ ውኃ የጠጣ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በመላ አገሪቱ ሲጀመር የተተከለው ችግኝ ቁጥር የመለኪያዎቹ ሁሉ ራስ ሆነ። በሰመራ ግን ቁጥሩ ብዙ አይናገርም። ደጋ ላይ በክረምት የተተከለ ችግኝ ዝናቡ ይረዳዋል፤ ሰመራ ላይ ግን ውኃ በቦቴ ካልመጣለት በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል፣ አጥር ካልታጠረለትም ፍየል ትበላዋለች። እንደ ኒም ያለ ሙቀት የሚችል ዛፍ በየቤቱ በራፍና በየተቋሙ ግቢ የሚጸድቀው የሚያጠጣው ሰው ስላለ ነው። እዚህ ትርጉም ያለው ቁጥር ከሦስት ዓመት በኋላ ቆሞ የተገኘው ዛፍ ብዛት ነው። የከተማው ሰው ጥላ የሚያገኝበት መናፈሻና የአርብቶ አደሩ ግራር መስክም ለየብቻ መታቀድ አለባቸው፤ አንዱ በሌላው ስም ከተመዘገበ ሁለቱም ይጠፋሉ።

የሌላው ዓለም ልምድ

ቃሉ ከዛፍ ይልቅ ስለ ሥልጣን የተናገረበት ዘመን በሌላም አገር ነበር። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ዛሬ ደን ተብሎ የሚተረጎመው ቃል ለንጉሡ አደን የተከለለና በልዩ ሕግ የሚተዳደር መሬት ማለት ነበር፤ ዛፍ ቢኖርበትም ባይኖርበትም። መንደርተኛው በዚያ መሬት እንጨት መልቀምና ከብት ማሰማራት የሚችለው በተወሰነለት መጠን ነበር። በሕንድ ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 1996 እ.ኤ.አ. በጎዳቫርማን ጉዳይ በሰጠው ትእዛዝ ደን ማለት በመዝገብ የተጻፈው ብቻ ሳይሆን በተለመደው የቃሉ ትርጉም ደን የሚባለው ሁሉ ነው አለ፤ ባለቤቱ ማንም ይሁን። ትእዛዙ ብዙ ዛፍ ከመቆረጥ አዳነ፤ በዚያው ልክ በደን ዳር የሚኖሩ ሕዝቦች መብት ምን ይሁን የሚለውን ክርክር አከረረ። ሕንድ በ2006 እ.ኤ.አ. የደን ነዋሪዎችን መብት የሚያውቅ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነባት።

በሸለቆው ቃሉ እንዴት ይዋል?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አሠራር ቀላል ነው። በአዋሽ ሸለቆ አንድ መሬት ደን ከመባሉ በፊት ሦስት ጥያቄ ይመለስ። የመጀመሪያው የበቀለው ምንድን ነው የሚል ነው፤ ቁመትና ጥላ ብቻውን ግራርን ከፕሮሶፒስ አይለይምና የዛፉ ዓይነት በመዝገቡ ይግባ፣ የወራሪው ጥሻም ከደን ሽፋን ተለይቶ ለብቻው ይቆጠር። ሁለተኛው ማን ይጠቀምበታል የሚል ነው፤ በበጋ መንጋ የሚወርድበት ወንዝ ዳርና ተራርቆ የበቀለው የግራር መስክ 20 በመቶ ባይሞላም በማኅበረሰብ ይዞታነት ይመዝገብ፣ የጎሳ ሽማግሌዎች የሚያውቁት የአቆራረጥ ደንብም በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደን አስተዳደር ውስጥ ይጻፍ። ሦስተኛው ማን ይጠብቀዋል የሚል ነው፤ የፓርክ ክልል ከሆነ በድርቅ ዘመን መንጋው በየትኛው በር፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገባ ድርቁ ሳይመጣ በስምምነት ይወሰን።

መልሱን የሚያውቁት ሰዎች በየቦታው አሉ። በአሚባራ ፕሮሶፒስ ነቅሎ ሣር የመለሰው አርቢ፣ በፍልውሃ ሰሌን የምትሠራዋ እናት፣ በአዋሽ ፓርክ ሳላ የሚቆጥረው ጠባቂ፣ በሰመራ ዩኒቨርሲቲ የቆላ ዕፅዋት የሚያጠናው መምህር ስለ አንድ መሬት ሊነጋገሩ ይገባል። እነሱ በአንድ ላይ ተቀምጠው ደን ያሉት መሬት ደን ሆኖ ይቆያል፤ አዲስ አበባ ላይ በካርታ ብቻ የተሰየመው ግን በመጀመሪያው ድርቅ ወይም በመጀመሪያው ገጀራ ይፈተናል።